ኬዝ ከመግዛት ያዳኑኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ሁለት ወር አለፈኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሥራው የበዛው ኮምፒውተሬ ስለሚሠራ ነው። ኮምፒውተሬ የሚሠራው ደግሞ አሁን በማመሰግናቸው ሰው ምክንያት ነው።

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። ጥር ሲገባ የኛ ነገር የታወቀ ነው። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ፣ ሰኞ ጠዋት "ቪዲዮው አልደረሰም?" የሚል ስልክ። ዘንድሮ ሥራው ጫፍ በደረሰበት ሰሞን ኮምፒውተሬ ሬንደር መሃል፣ ማለትም የተሰናዳውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲያወጣ፣ ድርግም ማለት ጀመረ። አንዱን ሠርግ አራት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመርኩት። የሙሽራዋ እናት በቀን ሁለቴ ይደውሉ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ስልኬን ማጥፋት አማረኝ።

ሙቀት እንደሆነ ገብቶኛል። የፕሮሰሰሩ፣ የዋናው ቺፕ፣ ሙቀት 97 ዲግሪ ይላል። ጥፋተኛውንም ራሴ ፈረድኩበት፤ ኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን ነው። ጥቁር ነው፣ ብረት ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የዋለበት ጥቁር መኪና በር የነካ ሰው ጥቁር ነገር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል አይደል?

አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ገና ሳልጨርስለት ተስማማ። "ጥቁር ሙቀት ይይዛል። ነጭ ውሰድ፣ ያውም አሉሚኒየም። ሙቀቱን ምጥጥ ነው የሚያደርገው" አለኝ። ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ ውስጡ ቀለም የሚቀያይር መብራት። ያምራል፣ አልዋሽም። ዋጋው የሁለት መልስ ክፍያዬን ይበላል። ቀብድ ልከፍል ስል አንድ ካሜራ ማን ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ጋሼ ይዩት" አለኝ።

ጋሼ መገናኛ አካባቢ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል አላቸው። ዕቃ አይሸጡም፣ ጥገና ብቻ ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ይቺን ትንፋሽ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ ነጩ ኬዝ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፦

"ኮምፒውተሩን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ልታሰጣው ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ሳሎን ውስጥ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያ ቀለሙ ምን አገባው?"

መኪናው የሚግለው ፀሐይ ስለሚመታው ነው። ጥቁር ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይውጣል፣ ነጭ ይመልሳል። ሳሎን ውስጥ ግን ሙቀቱ ከውጭ አይመጣም፣ ከውስጥ ነው የሚነሳው። ዕቃ ሲሞቅ ከላዩ ላይ ሙቀት በጨረር ይወጣል፤ ያ ጨረር ግን ዓይናችን የሚያየው ዓይነት አይደለም። በዚያ በኩል ጥቁር ቀለምና ነጭ ቀለም ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል። ከሁሉም ሰነፉ ቀለም ያልነካው የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ነው። ሻጩ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ጋሼ ግን ንግግር አያበዙም። ኮምፒውተሩን ሰኩና ሬንደር አስጀመሩኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ "እጅህን ጎኑ ላይ አድርግ" አሉኝ። ለብ ብሏል፣ ያን ያህል አይደለም። "አሁን ከኋላው።" ልክ የምጣድ አክንባሎ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው ዓይነት ትኩስ አየር።

"ታዲያ ሙቀቱ የሚወጣው በቆርቆሮው ነው በነፋሱ?"

ከዚህ በኋላ ስለ አሉሚኒየም መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅኩ። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት አራት እጥፍ ገደማ አሻሽሎ ያስተላልፋል፤ ሻጩ እዚህ ላይ አልዋሸም። ችግሩ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሙቀታቸውን ለኬዙ አይሰጡም። በየራሳቸው ማቀዝቀዣ ለአየሩ ነው የሚሰጡት። ያልተቀበለውን ሙቀት ኬዙ ከየት አምጥቶ ያስተላልፋል? ፋን የሌላቸው፣ ጎናቸው እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ፕሮሰሰሩ ከኬዙ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ አሉሚኒየም ዋጋ አለው። በተረፈ ትርፉ ክብደት ነው፤ የብረትን ሲሶ ያህል ነው የሚመዝነው። ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይህም ቀላል አይደለም።

ቀጥለው የኬዜን የፊት ሽፋን በጣታቸው ቆርቆሩት። ድፍን ፕላስቲክ ነው፣ አየር የሚገባው ከጎኑ ባለች ቀጭን ስንጥቅ ብቻ። ነቅለው አስቀመጡትና ያንኑ ሬንደር እንደገና አስጀመሩ። 97 ይል የነበረው 84 ላይ ቆመ። አንድ ሳንቲም ሳናወጣ! ልገዛው የነበረው ነጭ ኬዝ ደግሞ ፊቱ ሙሉ መስታወት መሆኑን አስታውሱ። በሁለት መልስ ክፍያ ሌላ ክዳን ልገዛ ነበር ማለት ነው።

"ኬዝ ስትገዛ ፊቱን እየው" አሉኝ። "ወንፊት ከሆነ ግዛ። ቀለሙን ሚስትህ ትምረጥልህ።"

ሌላም ጉድ ወጣ። ከፊት ካሉት ሁለት 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች አንዱ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። አንዱ አየር ያስገባል፣ ጎረቤቱ መልሶ ያስወጣዋል። ኮምፒውተሩን የገጠመልኝ ሰው ስም ይቅር። እናንተም ቤት ማየት ትችላላችሁ፤ ፋኑን የሚደግፉት የፕላስቲክ እግሮች ባሉበት በኩል ነው ነፋሱ የሚወጣው። ከፊት ይግባ፣ ከኋላና ከላይ ይውጣ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ትንፋሿ። ጋሼ ስደርስ ሳለከልክ አይተውኝ ስለነበር "አንተን ያደከመህ ፋኑንም ያደክመዋል" አሉኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ውሃ እንኳ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ፋኑ ያው ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ባሕር ጠለል አጠገብ የተለካ ኬዝ አይታችሁ "ይበቃኛል" ስትሉ ትንሽ ትርፍ ያዙ። የኛ ብርድ ያካክሰናል፣ ግን ሁሉንም አይደለም። ይህን ሌላ ባለሙያ ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ራሴ ጽሑፉን የጀመርኩት ለዚች ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በመጨረሻ ምን ሠሩ? የተገለበጠውን ፋን አዞሩ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን፣ ሙቀት የሚያሻግረውን የደረቀ ፔስት ጠርገው አዲስ ቀቡ። የፊት ሽፋኑን ቆርጠው በቦታው የብረት ወንፊት ገጠሙ፣ ከጀርባው አቧራ የሚይዝ ስስ መረብ። በየሁለት ሳምንቱ መረቡን እንዳራግፍ አስጠነቀቁኝ፤ ሰፈሬ መንገድ ስለሚሠራ አቧራው አይጣል ነው። "ጥቁር ኬዝ ላይ አቧራ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎ ትጠርገዋለህ። ጥቁር ከነጭ የሚሻለው እዚህ ላይ ብቻ ነው" ብለው ሳቁ። ያስከፈሉኝ የእጅ ዋጋና የፋን ማጣሪያዋን ነው። የቆረጡትን ፕላስቲክ ሳይቀር በፌስታል አድርገው መለሱልኝ።

እንከን የላቸውም አልልም። ነገ ያሉት ከነገ ወዲያ ነው የደረሰው። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር የለም፣ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ግን ሁሉንም ፊታችሁ ነው የሚሠሩት፣ ከመፍታታቸው በፊትም ዋጋውን ይነግሯችኋል።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሬንደር አልተቋረጠብኝም። የሙሽራዋ እናትም ቪዲዮውን አይተው መርቀውኛል። ምርቃቱ ለጋሼ ይድረስልኝ።

ስማቸውንና ቁጥራቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምነውኛል፤ ሰው ይበዛብኛል ብለው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ግን አትደውሉ፣ ቡና ላይ ናቸው።