ስዊች ከመግዛትዎ በፊት፦ የባፈር ክትትል ዘዴዎች ንጽጽር

ኮምፒውተሮችንና ሰርቨሮችን በሚያገናኘው ስዊች ላይ የአንድ ፖርት አማካይ አጠቃቀም ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ፓኬቶች (የመረጃ እሽጎች) የሚጣሉበት ሁኔታ ለኔትወርክ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ማይክሮበርስት ነው፤ ይኸውም ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ብቻ የሚቆይ የትራፊክ ጎርፍ ነው። ሁለት ባለ 10 ጊጋቢት ፖርቶች በሙሉ ፍጥነት ወደ አንድ ባለ 10 ጊጋቢት ፖርት ሲልኩ፣ በየሚሊሰከንዱ 1.25 ሜጋባይት ትርፍ ይጠራቀማል። የብሮድኮም ትራይደንት 2 ቺፕ ፖርቶቹ ሁሉ የሚጋሩት ባፈር (ፓኬቶች ተራቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ማህደረ ትውስታ) 12 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ወረፋ (ከአንድ ፖርት ለመውጣት ተራ የሚጠብቁ ፓኬቶች) የተረፈውን ነፃ ቦታ ያህል ብቻ እንዲይዝ ከተፈቀደለት ጣሪያው 6 ሜጋባይት ስለሚሆን 5 ሚሊሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይሞላል። ይህ ቅጽበት በ5 ደቂቃ አማካይ ውስጥ ከ60,000 አንድ እጅ በመሆኑ በግራፍ ላይ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ገዢው የባፈሩን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ስዊቹ ስለ ባፈሩ ምን ያህል መረጃ እንደሚሰጠው ማወቅ ይኖርበታል።

በየትኛውም የሚተዳደር ስዊች ላይ የሚገኘው በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች መከታተያ ፕሮቶኮል) የሚነበበው የወጪ ዲስካርድ ቆጣሪ፣ ማለትም ከፖርቱ ሊወጡ ሲሉ የተጣሉ ፓኬቶች ቆጣሪ ነው። ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ፓኬት ተጥሏል ወይስ አልተጣለም? ወረፋው ምን ያህል ሞልቶ እንደነበር፣ በየትኛው ሰከንድ እንደሞላና የማን ፓኬት እንደተጣለ አይናገርም። ቢሆንም ምርመራው ከዚሁ መጀመር አለበት፤ ከፍ ያለው ቁጥር የሲአርሲ ስህተት (ፓኬት በመንገድ ላይ የመበላሸቱ ምልክት) ከሆነ ችግሩ ያለው ኬብሉ ወይም ኦፕቲክሱ (የፋይበር ማስተላለፊያው) ላይ እንጂ ባፈሩ ላይ አይደለምና።

ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው ዋተርማርክ ነው። ቺፑ ራሱ እያንዳንዱ ወረፋ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠን መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ንባቡ በየሁለት ደቂቃው ቢሆንም የሚሊሰከንዱ ጎርፍ አያመልጥም። ክፍት ምንጭ የሆነው የስዊች ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሶኒክ ይህን በወረፋ፣ በፕራዮሪቲ ግሩፕ (የገቢ ትራፊክ የቅድሚያ ምድብ) እና በባፈር ፑል (የጋራ ባፈር ክፍል) ደረጃ ያሳያል፤ በነባሪነት የቴሌሜትሪ (የመለኪያ ንባብ) ክፍተቱ 120 ሰከንድ ነው። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ፓኬት ከመጣሉ በፊት ማስጠንቀቁ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ወረፋ በዲስካርድ ቆጣሪ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያልና። ጉድለቱ ደግሞ ጫፉን እንጂ ሰዓቱን አለመያዙ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ይሙላ ሃምሳ ጊዜ መለየት አይቻልም። ከዚህም ሌላ፣ መዝገቡ ሲነበብ የሚጠፋ ከሆነ ሁለት የክትትል ሶፍትዌሮች አንዱ የሌላውን መረጃ ሊያጠፉ ስለሚችሉ፣ ሻጩን በዚህ ነጥብ ላይ በግልጽ መጠየቅ ይገባል።

ሰዓቱ ወሳኝ ለሆነበት ላንዝ የተባለው የስዊች አምራቹ የአሪስታ የወረፋ መከታተያ የተለየ መንገድ ይከተላል። ወረፋው ከተወሰነለት ገደብ ሲያልፍ ክስተቱ መጀመሩን፣ ሲወርድም ማብቃቱን ከወረፋው ርዝመት ጋር ይመዘግባል፤ መዝገቡንም ወደ ውጭ መልቀቅ ይችላል። ይሁንና አሠራሩ እንደ ቺፑ ይለያያል፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ሃርድዌሩ ራሱ ክስተቱን ሲያሳውቅ በሌሎች ላይ ግን በየተወሰነ ክፍተት በማንበብ ስለሚሠራ፣ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። የሲስኮ ኔክሰስ 3548 አክቲቭ ባፈር ሞኒተሪንግ ደግሞ የባፈሩን ይዞታ በሃርድዌር እየለካ በ18 እርከኖች በተከፈለ ሂስቶግራም (ወረፋው በየእርከኑ ስንት ጊዜ እንደተገኘ በሚያሳይ ሰንጠረዥ) ያስቀምጣል። ይህም ወረፋው አልፎ አልፎ ብቻ ይሙላ ወይስ ዘወትር ተጨናንቆ ይዋል በአንድ እይታ ያሳያል፤ ዋተርማርክ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄም ይኸው ነው።

እስካሁን የተነሱት ሁሉ ስለ ወረፋው ይናገራሉ እንጂ ስለ ተጎጂው አይናገሩም። በኤንቪዲያ ስፔክትረም ስዊቾች ላይ የሚገኘው ዋት ጀስት ሃፕንድ የተጣለውን ፓኬት ሄደር (የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ የያዘውን ክፍል) ከተጣለበት ምክንያትና ሰዓት ጋር ያቀርባል። የአፕሊኬሽን ቡድኑ ችግሩን ወደ ኔትወርኩ፣ የኔትወርክ ቡድኑም ወደ ሰርቨሩ በሚገፋበት መሥሪያ ቤት ይህ መረጃ ክርክሩን ያሳጥረዋል። ምክንያቱ የባፈር መሙላት ይሁን የአክሰስ ሊስት (የተፈቀደና የተከለከለ ትራፊክ ዝርዝር) ክልከላም በቀጥታ ይለያል።

በእኔ ግምት፣ ለአብዛኛው ዳታ ሴንተር በወረፋ ደረጃ የሚሠራ ዋተርማርክና የተጣሉ ፓኬቶች መዝገብ ጥምረት ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። እንደ ላንዝ ያለው ክስተት መዝጋቢ ዘዴ ተጨማሪ ዋጋውን የሚያወጣው መዘግየት በማይክሮሰከንድ በሚለካበት ሥራ ላይ፣ ያውም የስዊቾቹ ሰዓት በፒቲፒ (የሰዓት ማመሳሰያ ፕሮቶኮል) የተስተካከለ ከሆነ ነው። ጥቂት ሰርቨሮች ብቻ ላሉት የቢሮ ኔትወርክ ዲስካርድ ቆጣሪው በየ30 ሰከንዱ ቢነበብ ይበቃል።

አንዳንድ ሻጮች ከክትትል ይልቅ በጊጋባይት የሚቆጠር ባፈር ያለው ስዊች ያቀርባሉ። ትልቅ ባፈር መጣሉን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በ10 ጊጋቢት ፖርት ላይ 50 ሜጋባይት ወረፋ ቢጠራቀም መጨረሻ ላይ ያለው ፓኬት 40 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ የዲስካርድ ቆጣሪው ግን ዜሮ እንደሆነ ይቀጥላል። ስለሆነም ባለ ትልቅ ባፈር ስዊች የሚገዛ ሰው የወረፋ ክትትል ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሰርቨሮች ወደ አንድ ፖርት ለ10 ሚሊሰከንድ ያህል በሙሉ ፍጥነት እንዲልኩ በማድረግ፣ ስዊቹ የትኛውን ወረፋ፣ ስንት ሰዓት ላይና እስከ ምን ድረስ እንደሞላ መዝግቦ እንደሆነ መፈተሽ ይቻላል፤ የክትትሉ ፈቃድ በመሠረታዊ ዋጋው ውስጥ መካተቱንም በዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል።