ልጄን «ሂሳብ አይችልም» ብለውት ነበር

ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ እንደኛ በስደት ዞራችሁ የመጣችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ።

እኛ ከካርቱም የመጣነው በ2022 ነው፤ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት። ልጄ የተወለደውም የተማረውም እዚያው ነው፣ በአረብኛ። እዚህ ዕድሜውን ብቻ አይተው 4ኛ ክፍል አስገቡት። ወራት ሙሉ ክፍል ውስጥ አፉን አልከፈተም። ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይተኛል።

የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ግን እስከዛሬ ያቃጥለኛል። ስብሰባ ጠርተውኝ አስተርጓሚ አላመጡም። የ12 ዓመት ሴት ልጄን አስቀምጠው «ወንድምሽ ትምህርት አይገባውም፣ ለእናትሽ ንገሪያት» አሏት። እያለቀሰች ነገረችኝ። ልጅ ይህን ይሸከማል?

ቤት ስንቀይር ትምህርት ቤትም ቀየርን። እዚያ ነው አንዲት አማርኛ ተናጋሪ የትምህርት ቤት ረዳት ያገኘነው። እሷም በሱዳን በኩል የመጣች ናት። የልጄን የድሮ ፋይል አስመጥታ የሂሳብ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ቀና አለችና «እህቴ፣ ይሄ ልጅ እኮ በትክክል ነው የሠራው!» አለችኝ።

ለካ ቁጥሩን የሚጽፈው በአረብኛ ነው። የአረብኛው አምስት ዜሮ ይመስላል፤ ስድስቱ ደግሞ የዚህን አገር ሰባት። ያንን ሁሉ ኤክስ አድርገውበታል። አንድ ቀን ወረቀቱን ቢያሳዩኝ እኔም አውቀው ነበር፤ ስንት ዓመት በዚያ ቁጥር ገበያ ወጥቻለሁ!

አጠገቡ ቁጭ ብላ «ጎበዝ የኔ ጌታ፣ ሁሉንም አግኝተሃል» አለችው። ልጄ አያትና «አውቃለሁ» አላት። ትምህርት ቤት ውስጥ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። እዚያው አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ከአስተማሪዎቹ ጋር ምን እንደጨረሰች ዝርዝሩን አላውቅም፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር። ብቻ መማር ለሚቸግራቸው ልጆች የተዘጋጀ ልዩ ክፍል ሊያስገቡት የነበረው ቀረ። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ወራት ዝም ቢል ያለ ነገር መሆኑንም የነገረችኝ እሷ ናት። «ቤት አማርኛችሁን አውሩለት፣ አትተዉ» አለችኝ።

ደግሞ ይህን እወቁ፦ ትምህርት ቤት በነፃ አስተርጓሚ ሊያቀርብላችሁ በሕግ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። «አማርኛ ኢንተርፕሪተር» በሉና ጠብቁ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። በዚህ አካባቢ ልጁ ዝም ያለበት ወላጅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛለሁ። ማታም ቢሆን ጻፉልኝ።