ለዳላስ ብርድ የሚሸጠው የውጭ ቧንቧ ሽፋን ምን ያህል ያገለግላል?

የብርዱ ወራት ሲቃረብ በዳላስና በአካባቢዋ ባሉ የሕንፃ ዕቃ መደብሮች ከጠንካራ ፎም የተሠራ፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ የውጭ ቧንቧ ሽፋን በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ከውስጡ በቧንቧው ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ አለው፤ ማሰሪያው ከውጭ በፕላስቲክ ማጥበቂያ ሲወጠር የሽፋኑ ጠርዝ ግድግዳውን ይይዛል። ለመግጠም ባለሙያ አያስፈልግም። አዲስ አበባ የግቢ ቧንቧ የሚያስቸግረን ውሃው እየጠፋ እንጂ እየረጋ ስላልሆነ፣ ብዙዎቻችን ይህን ዕቃ የምናውቀው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው።

ሽፋኑ ሙቀት አያመነጭም። ከቤቱ በግድግዳውና በቧንቧው በኩል የሚያመልጠውን ጥቂት ሙቀት ያቆያል፣ ነፋሱንም ይከለክላል፤ ስለዚህ ጠርዙ በደንብ ካልገጠመ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። የዚህ አካባቢ ቤቶች በብዛት ጡብ የለበሱ በመሆናቸውና በጡቦቹ መካከል ያለው መስመር ገባ ስለሚል፣ ክፍተት መተዉ የዕቃው ዋና ድክመት ነው። መጠኑም ይታሰብበት፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከል ተጨማሪ ዕቃ የተገጠመለትን ቧንቧ ትንሹ ሽፋን አይሸፍነውም። ከጨርቅ የተሰፋው ከረጢት መሰሉ ዓይነት ለማንኛውም ቅርጽ ይመቻል፤ ነገር ግን ዝናብ ከጠጣ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ እኔ ፎሙን እመርጣለሁ።

ቧንቧው ላይ የተሰካው የውሃ ማጠጫ ጎማ ሳይነቀል የሚደረግ ሽፋን ግን ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በጎማው ውስጥ የቀረው ውሃ ረግቶ መውጫውን ሲደፍን በበረዶውና በተዘጋው መክፈቻ መካከል የታፈነው ውሃ ግፊቱ እያየለ ሄዶ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። በረዶ አይጎዳቸውም ተብለው የሚሸጡት ረጃጅም ቧንቧዎች እንኳ ከዚህ አያመልጡም። እነዚህ ውሃውን የሚዘጉት ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብተው፣ ሞቃቱ የቤቱ ክፍል ላይ ነው፤ ከተዘጉ በኋላ ፊት ለፊት የቀረው ውሃ እንዲፈስ ታስበው የተሠሩ ሲሆኑ ጎማ ከተተወባቸው ግን ውሃው አይወጣም። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በጸደይ ቧንቧው ሲከፈትና ግድግዳው ውስጥ ውሃ ሲፈስ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2021 የዳላስ ሙቀት ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድና መብራት ሲጠፋ፣ ቤቶቹ ራሳቸው ስለቀዘቀዙ ሽፋኑ የሚያቆየው ሙቀት አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግቶ በቱቦዎቹ ያለውን ውሃ ማፍሰስ እንጂ በፎም መተማመን አይገባም። ለተለመደው የአንድና የሁለት ሌሊት ውርጭ ግን፣ በተለይ ለውጭው ቧንቧ ብቻ የሚሆን መዝጊያ ከውስጥ ለሌላቸው ቤቶች፣ ከዋጋው በላይ የሚያገለግል ዕቃ ነው። የብርድ ማስጠንቀቂያ ከተነገረ በኋላ ከመደርደሪያው ቶሎ ስለሚያልቅ በኖቬምበር መግዛት ይሻላል።