ሥር የሌለው ችግኝ እየሸጡልን ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ችግኝ ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ዳር ያሉት ሻጮችም ይህንን ወቅት ጠብቀው ነው የሚዘጋጁት። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ግን እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ሌላ ሰው ይከፍላቸዋል። ስለዚህ አሁኑኑ እጽፋለሁ።

እኔና እናቴ 2,400 ብር ከፍለን ተቆርጦ የተሰካ ጭራሮ ይዘን ቤታችን ገባን። የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ናና፣ በሶብላና ቲማቲም ተብሎ ነው የተሸጠልን። ከቲማቲሙ በስተቀር ሥር ያለው አንድም አልነበረም። ሥሩ ተጎድቷል ወይም ደክሟል እያልኩ አይደለም። ጭራሽ የለም። ከሌላ ተክል ተቆርጦ፣ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ በተሞላ አፈር ላይ ተሰክቶ፣ ላዩ ላይ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ "የጸደቀ ነው" ተብሎ ተሸጠልን።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። አጥር ተጠግተው፣ ፊት ለፊት ጽጌረዳና ቡገንቪሊያ ደርድረው፣ የጓሮ አትክልቱን ከኋላ ሸራ ስር የሚያስቀምጡት ናቸው። መኪና ሲቆም አንዱ ልጅ ሮጦ ይመጣል። "እማማ ምን ፈለጉ? ሁሉም አለ" ይላል። ዋጋ ይጠራል፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ "ለእርስዎ ስል ነው" ይላል። የችግኙ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ከወንበሯ ሳትነሳ በአይኗ ታዘዋለች። በቴሌብር ክፈሉ ይባላል፣ የግል ስልክ ቁጥር ይነገራል። ደረሰኝ የሚባል ነገር አይነሳም።

ለእናቴ ጓሮዋ የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ቅቤ የምታነጥረው በራሷ ኮሰረት ነው። በርበሬ ስታዘጋጅ በሶብላውን ከገበያ ገዝታ አታውቅም። ቡና ሲፈላ ጤና አዳሙን ወጥታ ቀጥፋ ነው የምታመጣው። ዘንድሮ ጎረቤት ግንባታ ጀመረና የክረምቱ ጎርፍ ወደ እኛ ዞረ። መደቡ ላይ ውሃ ተኛበት። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ደግሞ የተኛ ውሃ አይችሉም፤ ሥራቸው በሰበሰ። ጤና አዳሙም ተከተለ። የዓመታት ልፋቷ በአንድ ክረምት አለቀ።

የተረፉት በረንዳ ላይ በባልዲ የተከለቻቸው ቲማቲሞች ብቻ ነበሩ። ክረምት ላይ ሜዳ ላይ ቲማቲም አትተክልም። እርጥበቱና ብርዱ አንድ ላይ ሲመጡ ቅጠሉም ግንዱም ይጠቁርና በቀናት ውስጥ ያልቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የሞከረው ያውቀዋል። ጣራ ስር ሲሆን ግን ዝናብ ቅጠሉን አይመታውም፣ ይተርፋል። ስለዚህ ክረምቱ እስኪወጣ ታግሳ፣ መደቡን ከፍ አድርጋ ሠርታ፣ የተብላላ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላ፣ ጉድጓዱን ሁሉ ቆፍራ ጨርሳ ነው ችግኝ ልንገዛ የወጣነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። እናቴ ችግኝ ስትገዛ የምታደርገው አንድ ነገር አላት። ግንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትስበዋለች። ሥር የያዘ ከሆነ አፈሩን ይዞ ይከብዳል። እንደ ልማዷ አንዱን የጥብስ ቅጠል አንስታ ጣቷን ወደ ግንዱ ስትልክ ልጁ ከእጇ ነጠቃት። ተቀብሏት ወይም ለምኗት አይደለም፣ ነጠቃት። "አይነካኩት እማማ፣ ሥሩ ይናወጣል" አላት።

ሥሩ ይናወጣል! ይህንን ሲላት አይኗን እያየ ነው። ከአፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሰካው እሱ ነው። እናቴ ደግሞ አመነችው። አልፎ ተርፎ ደስ አላት። ለተክል የሚሳሳ ልጅ መሰላት። "ተባረክ ልጄ፣ እውነትህን ነው" ብላ መረቀችው። እሱም ምርቃቱን "አሜን" ብሎ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሳትነካ በጣቷ ብቻ እያመለከተች መረጠች። እኔን ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ያ "አሜን" ነው። ሰው ለገንዘብ ሊዋሽ ይችላል፤ የእናት ምርቃት እየተቀበለ እንዴት ይዋሻል?

ቤት ስንደርስ ፀሐዩ በረድ እስኪል ጠበቅን። እናቴ የመጀመሪያውን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደደችው። አፈሩ ተበትኖ ወረደና እጇ ላይ አንድ እንጨት ቀረ። ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፣ ቁርጡ ገና እርጥብ ነው። ምናልባት አንዱ አምልጧቸው ይሆናል ብላ ሁለተኛውን ቀደደች። እሱም ያው ነው። ኮሰረቱም፣ ጤና አዳሙም፣ ጦስኙም ያው። በሶብላው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በሶብላ በአብዛኛው በዘር ነው የሚበቅለው፤ እነሱ የሰኩልን አበባ ጥሎ ዘር ሊይዝ የደረሰ ያረጀ ቅርንጫፍ ነው። እንዳለ ቢተከል ተስፋ ያለው ናናው ብቻ ነው፤ ናና ውሃ ካገኘ ቁራጩም ቶሎ ሥር ያወጣል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ ምክንያቱም ነገ "ተክል እኮ በቁራጭ ነው የሚባዛው" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የጥብስ ቅጠልም ኮሰረትም በቁራጭ ይባዛሉ። ነገር ግን ቁራጩ ሥር እስኪያወጣ ጥላ ስር፣ እርጥበት ሳይለየው ሳምንታት መቆየት አለበት። የጥብስ ቅጠል ከወር በላይም ሊፈጅበት ይችላል። ያንን ጊዜ መጠበቅ የሻጩ ሥራ ነው። ችግኝ ብለን የምንከፍለውም ለዚያ ድካም ነው። ቁራጭማ ቢሆን ከጎረቤት አጥር ለምነን በነፃ እንቆርጥ ነበር።

ቲማቲሙ ሥር ነበረው፣ ግን እሱም ጉድ ይዞ መጣ። ስንገዛ ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ አይቼ ልጁን ጠይቄው ነበር። "አዲስ ዝርያ ነው፣ ቅጠሉ እንዲህ ነው" አለኝ። ውሸት ነው። ማታ በረንዳ ላይ አሳደርነው። ጠዋት ቅጠሉን ስነካው ከስሩ ደቃቅ ነጭ ዝንቦች ብድግ አሉ። ይህ ነጭ ዝንብ የቲማቲምን ቅጠል የሚጠቀልል ቫይረስ ያስተላልፋል። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ ነው ያለው። የገዛነውን ቲማቲም በሙሉ በላስቲክ አፍነን ጣልነው። ዝንቡ ግን አሁን የእናቴ ባልዲዎች ላይ አለ። ክረምቱን ያለፉት እነዚያ ቲማቲሞች ተይዘው እንደሆነ የሚታወቀው በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ በሚወጣው ቅጠል ነው። እናቴ በየማለዳው እየወጣች ታያቸዋለች።

በማግስቱ ጭራሮዎቹን በፌስታል ይዘን ተመለስን። ባለቤቷ ከወንበሯ አልተነሳችም። እናቴ ሳትቆጣ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላት። "ልጄ፣ ሥር የላቸውም" አለቻት። ሴትዮዋ ወደ ጭራሮው እንኳ አላየችም። ስልኳን እየነካካች "እንግዲህ እማማ፣ የእርስዎ እጅ አያጸድቅ ይሆናል። ለሌላው ሰው ሁሉ ጸድቋል" አለቻት። ልጁ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። ትናንት የተመረቀው ልጅ።

ተክሉ እኮ ገና መሬት አልነካም! ያልተተከለ ነገር እጅ አላጸደቀውም ይባላል? እሱም ይቅር። እኛ ሰፈር ያለ ጤና አዳም ብዙው ከእናቴ ጓሮ የወጣ ነው። አራስ ያለበት ቤት ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚልከው። ለዚህች ሴት ነው እጅሽ አያጸድቅም የተባለው፤ ያውም የልጅ ልጇ ልትሆን በምትችል ሴት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ብራችንን መልሱ ስል "ደረሰኝ አለሽ?" አለችኝ። ደረሰኝ የማይሰጡት ለዚህ ነው ለካ። የቴሌብሩን መልእክት ሳሳያት "እሱ የእኔ ስም አይደለም" አለች። እውነትም የእሷ አልነበረም። ቀጥላ "ከፈለጋችሁ ሌላ በግማሽ ዋጋ ውሰዱ" አለች። ከዚያው ከሸራው ስር፣ ያንኑ ጭራሮ! በዚህ መሀል ሌላ መኪና ቆመና "ደንበኛ መጥቷል፣ ቦታ አትዝጉ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። ጭራሮዎቹን ከጠረጴዛው ላይ በክንዷ ጠርጋ መሬት ጣለቻቸው። እናቴ ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። እዚያ ወድቀው እንዲረገጡ አልፈለገችም።

የዋህ ሰው ላይ የሚሠራ ንግድ ነው። ልጁ ያንን ዓረፍተ ነገር ለእናቴ ብቻ የፈጠረው አይደለም፤ አፉ ላይ ለምዷል። በቀን ለስንቱ ይለው ይሆን? የሰው ችግኝ ሲሞት ሰው ራሱን ነው የሚወቅሰው። ውሃ አበዛሁ፣ ፀሐይ መታው፣ አፈሩ አልተስማማው ይላል። ማታውኑ ባንቀደው ኖሮ እናቴም ለወር ያህል ውሃ እያጠጣች ሲደርቅ ራሷን ትወቅስ ነበር። እነሱ የሚተማመኑት በዚህ ነው።

እንግዲህ ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች፣ ግንዱን ይዛችሁ ሳቡ። አትንኩ ካሏችሁ ትታችሁ ሂዱ። የፕላስቲኩን የታችኛውን ቀዳዳ እዩ፤ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ እዚያ ጋ ብቅ ይላል። የቲማቲሙን ቅጠል ገልብጡና ነጭ ዝንብ ካለ ከሌላውም ተክል አትግዙ። ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እኛ በቴሌብሩ መልእክትና ባነሳሁት ፎቶ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ልናመለክት ነው።

ጭራሮዎቹን እናቴ አልጣለቻቸውም። የጥብስ ቅጠሉንና ኮሰረቱን ታች ያለውን ቅጠል መልምላ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክታ፣ ጥላ ስር አስቀምጣቸዋለች። ሻጮቹ ያልሠሩትን ሥራ አሁን እሷ እየሠራችው ነው። ጤና አዳሙና ጦስኙ ግን ደርቀዋል። ኮተቤ አካባቢ ሥር የያዘ ጦስኝ ወይም ጤና አዳም ያላችሁ፣ ወይም በእውነት አጽድቆ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። መደቡ ተቆፍሮ ባዶውን ነው ያለው።