ለቄብ ነው ብለው የጣይ መኖ ሸጡልኝ፤ እናንተ ተጠንቀቁ

ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ዶሮ የምታረቡ ሁሉ ይቺን አንብቧት። ከመኖ ሻጩ ዘንድ አሁን መመለሴ ነው፣ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

እነዚህን መኖ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ጆንያው በር ላይ ተደርድሯል፣ ደረሰኝ ስትሉ "ነገ ይምጡ" ነው፣ ስለ ሚዛኑ ባይነሳ ይሻላል። ይሄን ሁሉ ለምደን ችለነው ነበር። የአሁኑ ግን ሌላ ነው።

የኔ ዶሮዎች እኩያ አይደሉም። እንቁላል የሚጥሉ አሮጌዎች፣ ጣይ የምንላቸው፣ አሉ፤ በ45 ቀናቸው የገዛኋቸው፣ ገና መጣል ያልጀመሩ፣ ቦቫንስ የሚባለው ዝርያ ቄቦችም አሉ። የሚውሉት አንድ ግቢ ነው፣ ለያይቶ ማብላት የሚሆን ነገር አይደለም። መኖ ለሚሸጠው ልጅ በግልጽ ነገርኩት። "ቄቦች አሉኝ፣ የጣዩን እንዳትሰጠኝ፣ የቄቡን ነው የምፈልገው።" "እሺ እማማ፣ ይኸው የቄቡ፣ ለሁሉም ይሆንልዎታል" ብሎ ራሱ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነልኝ። ጆንያው አፍ ላይ አብሮ የሚሰፋው፣ የምን መኖ እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት የለም። ስጠይቀው "መንገድ ላይ ተቀዶ ነው" አለኝ።

አሮጌዎቹ ተስማማቸው፣ የእንቁላላቸው ቅርፊትም ጠነከረ። ቄቦቹ ግን ውሃ አበዙ፣ ኩሳቸው ነጭ ውሃ ሆነ፣ እየበሉ ከሱ። ከዚያ በየተራ መርገፍ። ጎረቤቱ ሁሉ የዶሮ ወረርሽኙ መስሎት "ፈንግል ነው" አለ።

የእንስሳት ሐኪሙ አንዷን የሞተች ቄብ ቀዶ አሳየኝ። ኩላሊቷ አብጧል፣ ልቧን ነጭ ዱቄት ሸፍኖታል። "ምንድን ነው የምታበያቸው?" አለኝና መኖውን አስመጣ። አንድ እፍኝ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ሲለው ዱቄቱ በነነ፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ቀረ። የጣይ መኖ ነው። እሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ የሚገባ። የቄብ መኖ ያለው 1 በመቶ ገደማ ነው። መጣል ያልጀመረች ቄብ ትርፉን የምታወጣበት ቅርፊት የላትም፣ በኩላሊቷ በኩል ነው የሚወጣው፣ ሲሰነብት ኩላሊቷን ይገድለዋል።

መኖውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ልጁ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ "ይሄ የቄብ ነው?" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ በደንብ አላየውም። "የቄቡ አልቆ ነበር" አለኝ። "ባዶ እጅሽን ከምትመለሺ ብለን ነው የሰጠንሽ።" ሰማችሁ? ተሳስቶ አይደለም! እያወቀ ነው! ሲሸጥ "እማማ፣ ይሆንልዎታል" ያለ አፍ አሁን "አንቺ" ይለኛል። ቄቦቼ አለቁ ስለው "ዶሮ ዶሮ ነው፣ የጣዩ እኮ የተሻለ ነው፣ ምን ጎዳንሽ?" አለ። ጥግ ላይ መኖ የሚሰፍረው ጓደኛው ሳቁን ለቀቀው። ባለቤቱን አገናኙኝ ብል "ባሕር ዳር ነው"። ደረሰኝ የለኝም፣ የት አባቷ ትደርሳለች ብለው ነው።

ከትንሽነታቸው ያሳደግኳቸው፣ ለመጣል ጥቂት ሳምንት የቀራቸው ቄቦች ናቸው እኮ። ስንት በቆሎ፣ ስንት ክትባት፣ ስንት ሌሊት ከሸለምጥማጥ ጥበቃ! ያን ዕለት "የቄቡ የለም" ቢለኝ ምን ነበረበት? ሌላ ቦታ ሄጄ እገዛ ነበር።

የእናንተም ዶሮዎች የተደባለቁ ከሆነ ለሁሉም የቄብ መኖ ስጡ። ለሚጥሉት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ፣ ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ አስቀምጡላቸው፣ የፈለገችው ራሷ ትለቅማለች። ወረቀት የሌለው ጆንያ አትቀበሉ፤ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አፉን አስፈቱና መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ደረሰኝ ሳትይዙም እንዳትወጡ።