የብር መቅጃዬን ላዳኑልኝ አዛውንት አንጥረኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ለንደን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ያረጀ የብር ዕቃ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በጌጣጌጥ ሱቆቹ በሚታወቀው ሃተን ጋርደን ሰፈር ውስጥ አንድ አዛውንት ብር አንጥረኛ አሉ። እጃቸው ይባረክ!

ለዓመታት የተንከባከብኳቸው እንግሊዛዊት ባልቴት ሲያርፉ፣ እሑድ እሑድ ከእንጆሪ ጋር ክሬም የሚያቀርቡባትን ትንሽ የብር መቅጃ ተናዘዙልኝ። ቅርጿ የተገለበጠ የራስ ቁር ይመስላል። መያዣዋ ተነቅሎ ነበር፤ እሱን ለማስጠገን ያየሁትን አበሳ ፈጣሪ ያውቃል። አንዱ ሱቅ በቅጡ ሳያያት ሚዛን ላይ ጥሎ የጥሬ ብር ዋጋ ጠራልኝ። ሌላው «ከየት አመጣሻት?» ብሎ ከእግር እስከ ራሴ ገላመጠኝ። ከሁሉ የከፋው ገንዘቤን ተቀብሎ መያዣውን በቀለጠ እርሳስ ለጥፎ የሰጠኝ ነው፤ ወዲያው ወለቀ፣ ቦታውም ጠቁሮ ቀረ። የሟች አደራ በእጄ ተበላሸ ብዬ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

እኚህ ሰው ግን እጃቸውን ታጥበው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። መጀመሪያ የጠየቁኝ «የማን ነበረች?» ብለው ነው። ሥራቸውን አቁመው እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ወደ አፋቸው አስጠግተው ተነፈሱባት፤ ትንፋሹ ሲያርፍባት በዓይን የማይታየው የድሮ ብየዳ መስመር ብቅ አለ! ማኅተሞቿንም በማጉያ መነጽር አሳዩኝ፦ የሚራመደው አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ የነብሩ ራስ ለንደን መመርመሯን፣ የንጉሡ ራስ ግብር መከፈሉን ይናገራል። ዓመቱን በሚያመለክተው የፊደል ማኅተሟ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1790 ሥራ ናት።

ስለ እሳቱና ስለ ብየዳው ብዙ ነገሩኝ፤ አልገባኝም። የማልረሳው ግን ይህን ነው፦ ሆዷ ላይ የተቀረጹት ፊደላት ሊጠፉ ደርሰዋል። በማሽን ይወልውሉልኝ ብላቸው «አይሆንም፣ ፊደሎቹም አብረው ይሄዳሉ» ብለው በለስላሳ ጨርቅ በእጃቸው ወለወሏት። የተሰረጎደውን አቅንተው ለዚያ ዋጋ አልጠየቁኝም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ወገኖቼ፣ ከማርያ ቴሬዛ ብር የተሠራ የአያቶቻችሁ መስቀልም ሆነ የአንገት ጌጥ ቢሰበርባችሁ ለእሳቸው አሳዩ። ጠይቄአቸዋለሁ፣ «በደስታ» ብለዋል። እባካችሁ፣ አደራችሁን በሚዛን ብቻ ለሚገምት ሰው አትስጡ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መልእክት እልካለሁ። ያለ ቀጠሮ ስለማያስተናግዱ አስቀድማችሁ ደውሉ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ!