«ነጻ» የሚባለው የውጭ ሀገር ጥሪ በሰሜን ሸዋ ሲመዘን

ስለ ኢንተርኔት ስልክ አገልግሎቶች የሚጻፈው አብዛኛው ግምገማ ደዋዩ ስንት እንደሚቆጥብ ከማስላት ይነሳል። ደዋዩ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ጆሃንስበርግ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ወገን ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የጥሪ ካርድ ገዝቶ፣ የምስጢር ቁጥሩን ፍቆ፣ ደቂቃው እንዳያልቅበት እየተጣደፈ ይደውል የነበረ ሰው ዛሬ በቤቱ ዋይፋይ እስኪጠግብ ያወራል። ይህ ጽሑፍ ግን አገልግሎቶቹን የሚመዝነው ስልኩ ከሚነሳበት ወገን፣ ማለትም ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት ሆኖ ነው። በመደበኛው የውጭ ሀገር ጥሪ ወጪው በሙሉ የደዋዩ ነበር፤ በሀገራችን የገባ ጥሪን ማንሳት አያስከፍልምና እናት ስልኩን ከማንሳት በቀር የምታወጣው ሳንቲም አልነበረም። በኢንተርኔት ጥሪ ግን የተቀባዩም ዳታ ይቆረጣል። አጠቃላይ ወጪው እጅግ መቀነሱ እውነት ቢሆንም የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ አቅሙ ወዳነሰው ቤት ዞሯል። ስለዚህ ዋናው መመዘኛዬ የትኛው አገልግሎት ሰሜን ሸዋ ያለውን ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ ያገናኘዋል የሚለው ነው።

የዳታውን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል። ድምፅ በኢንተርኔት የሚጓዘው ተጨምቆና በጥቃቅን እሽጎች ተከፋፍሎ ሲሆን፣ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኦፐስ የተባለው የመጨመቂያ ስልት እንደ ኔትወርኩ አቅም ጥራቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላል። በተግባር አንድ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ በሰዓት 30 ሜጋ ባይት አካባቢ ማለት ነው። ቪዲዮ ሲከፈት ፍጆታው በደቂቃ ወደ 5 ሜጋ ባይት፣ ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነም ከዚያ በላይ ይወጣል። በዚህ ስሌት የ1 ጊጋ ባይት ጥቅል በድምፅ ብቻ ከ30 ሰዓት በላይ ሲያስወራ፣ በቪዲዮ 3 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ ያልቃል። አያት የልጅ ልጃቸውን ፊት ሳያዩ ይቅሩ የሚል ጨካኝ ምክር ለመስጠት አይደለም፤ ሰላምታው በቪዲዮ ይሁንና ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተያይቶ ሲያበቃ ካሜራውን አጥፍቶ ወሬውን በድምፅ መቀጠል ነው የሚበጀው። ከጥሪው ይልቅ ጥቅል የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ሳይታዘዝ የሚወርደው ፎቶና ቪዲዮ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ሲጫኑ የተላከላቸውን ምስል በራሳቸው እንዲያወርዱ ሆነው ስለሚመጡ፣ ጥሪ ተወደደ ብሎ ከማማረር በፊት ሴቲንግ ገብቶ ይህን መዝጋት ያስፈልጋል።

ከመተግበሪያዎቹ ሁሉ ለዚህ አካባቢ ቤተሰብ ቅድሚያ የምሰጠው ለዋትስአፕ ነው። የድምፅ ጥሪ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ቪዲዮውን የጨመረው በ2016 ሲሆን፣ ጥሪውም መልእክቱም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ ሰው እንዳያነበው ተመስጥሮ ነው የሚጓዘው። የመረጥኩት ግን በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ ስለ ማከማቻና ዳታ በሚናገረው የሴቲንግ ክፍል ውስጥ ለጥሪ የሚውለውን ዳታ የሚቀንስ ማብሪያ መኖሩ ነው፤ ሲበራ የድምፁ ጥራት ትንሽ ይወርዳል፣ ንግግሩ ግን ይሰማል። ሁለተኛው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ለጥሪ፣ ለፎቶና ለመልእክት የዋለው ዳታ ተለያይቶ መቀመጡ ነው። ይህን ሰሌዳ የተመለከተ ሰው የኔን ግምት ማመን አያስፈልገውም፤ የቤቱን ወጪ ራሱ ያነበዋል። በአንድ ጥሪ እስከ 32 ሰው ማገናኘቱ ደግሞ ለቅሶ ሲደርስ ወይም ለሠርግ ሲመካከሩ በየሀገሩ የተበተኑ ወንድምና እህቶችን ባንድ ጊዜ ያገናኛል።

ቴሌግራም በሀገራችን ያለውን ተወዳጅነት አልክድም፤ ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ የትምህርት ቤቱም ማስታወቂያ እዚያ ስለሆነ በብዙ ስልክ ላይ አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል። ጥሪው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በሚነጋገሩበት ጊዜ በሁለቱም ስልክ ላይ የሚታዩት አራት ትናንሽ ሥዕሎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን በቃል ማመሳከርም ጥሪው በመካከል እንዳልተጠለፈ ማረጋገጫ ነው። እንደ ጥሪ መሣሪያ ግን ሁለተኛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም በርካታ ቻናል የተከተለ ሰው ጥሪ ለመቀበል ዳታ ባበራ ቁጥር የቻናሎቹ ይዘት ተግተልትሎ ስለሚገባ፣ ለእናት የታሰበው ጥቅል ለማያውቁት ሰው ቪዲዮ ይውላል።

ኢሞን በከተማ ያሉ ወጣቶች ይንቁታል። በዓረብ ሀገር ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን ግን የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደካማ ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፣ ገጹም ፊደል ላልቆጠረ ሰው አያስቸግርም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ባሉት ሸለቆዎች ወይም በአንኮበር ገደል ሥር፣ የስልኩ ምልክት ከ3ጂ ወደ 2ጂ በሚወርድበት ቦታ፣ ይህ ባሕርይ ዋጋ አለው። ማስታወቂያው ብዙ መሆኑ ግን ያሰለቻል፤ ለታዳጊ ልጅ በተተወ ስልክ ላይ ብጭነው ደስ አይለኝም። ስለ ሜሴንጀር ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሠራል፣ ሆኖም ፌስቡክን አብሮ ስለሚጎትት ከቆጣቢዎቹ ተርታ አልመድበውም።

የደዋዩ ሀገር ሕግም ምርጫውን ይወስናል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕም ሆነ የሌሎች ብዙ መተግበሪያዎች የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የተዘጋ ሲሆን፣ እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ይሠራሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እገዳዋን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አላልታለች። ዱባይ ያለችውን ልጅ «ቪፒኤን (የኢንተርኔት መስመርን ሸሽጎ እገዳን የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ጭኚና ደውዪ» ብሎ የሚጎተጉት ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በዚያች ሀገር ሕግ ቪፒኤንን የተከለከለ ድርጊት ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ መጠቀም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚደርስ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ይህን አይችልም። ለኤምሬትስ የሚሆነው መፍትሔ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ነው፤ ሁለቱም በዋትስአፕ ላይ ያለ ችግር ያልፋሉ።

የድምፅ መልእክትን ሳነሳ፣ በዚህ ዞን ትልቁ ቁጠባ ያለው ከጥሪው ይልቅ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥሪ ሁለቱም ወገን በአንድ ሰዓት ኔትወርክ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ መስመሩ በተቆራረጠ ቁጥር «ይሰማል? ይሰማል?» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜም ዳታ ይበላል። የድምፅ መልእክት ግን ተቀርጾ ይቀመጥና ኔትወርክ ሲገኝ ይሄዳል፤ ከገበያ መልስ ከተማ ሲደርሱ ወይም ስልኩ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ይወርዳል። በመንዝ ገጠር የሚኖሩ አባት ቅዳሜ መሐል ሜዳ ገበያ ሲወጡ የሳምንቱን መልእክት ተቀብለው፣ ሰምተውና መልሰው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ይችላሉ።

ጽሑፍን በተመለከተ ብዙ ሰው ልብ የማይለው የዋጋ ልዩነት አለ። መደበኛ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁለተኛና ሦስተኛ መልእክት ሆኖ ስለሚቆጠር፣ በአማርኛ የተጻፈ የበዓል መልካም ምኞት ወደ ውጭ ሲላክ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል። ሰዉ አማርኛን በላቲን ፊደል እያንጋደደ መጻፍን የለመደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በኢንተርኔት መተግበሪያዎች ላይ ይህ ገደብ ስለሌለ፣ አንድ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ የሚወስደው ዳታ ከአንድ ደቂቃ ጥሪ በእጅጉ ያነሰ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስማርት ስልክና ዳታ ላለው ቤት ነው። ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ ወላጆች ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ ነጻ የሚባለው መተግበሪያ እንደሌለ ይቆጠራል። እዚህ ላይ የሚያገለግለው ደዋዩ ከኢንተርኔት ተነስቶ ወደ ተራ የስልክ ቁጥር የሚደውልበት፣ በደቂቃ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። ፈር ቀዳጁ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስካይፕ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት ቆይቶ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። ዛሬ ቫይበር አውትና ሬብቴል የመሳሰሉት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ቫይበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ በ2014 ራኩተን ለተባለው የጃፓን ኩባንያ በ900 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ሲሆን፣ በተለመደው ነጻ ጥሪው ላይ ይህን የሚከፈልበትን መስመር ስለጨመረ ሁለቱንም በአንድ መተግበሪያ ያስገኛል። ወደ ኢትዮጵያ የሚደወልበት የደቂቃ ዋጋ ወደ ሕንድ ወይም ወደ አውሮፓ ሀገሮች ከሚደወልበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ደዋዩ ሒሳብ ከመሙላቱ በፊት ዋጋውን ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር አለበት። ቢሆንም በእኔ ሚዛን አገልግሎቱ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ከተቀባዩ ምንም አይጠይቅምና። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ መተግበሪያ ላይ ብቻ የተማመነ ቤተሰብ ድምፅ ሲጠፋበት፣ ውጭ ያለው ዘመድ ሊሞክረው የሚችለው ይኸው ወደ ተራ ቁጥር የሚደወል ጥሪ ነበር። ስለዚህ በውጭ ያለ ሰው አነስተኛ ሒሳብ ሞልቶ ለክፉ ቀን ማስቀመጡ አይከፋም፤ የሒሳቡን የአገልግሎት ዘመን ግን አስቀድሞ ያንብብ።

ዋጋው ከገበያው ሁሉ በጣም ያነሰ የጥሪ ካርድ ሲያጋጥም መጠርጠር ይገባል። ከባሕር ማዶ የተደወለው ጥሪ በእናት ስልክ ላይ በ09 የሚጀምር የማይታወቅ የሀገር ውስጥ ቁጥር ሆኖ ብቅ ካለ፣ ጥሪው በሲም ቦክስ፣ ማለትም ብዙ ሲም ካርድ ይዞ የውጭ ጥሪን የሀገር ውስጥ አስመስሎ በሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ በኩል በስውር የገባ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መስመር ድምፁ የተቆራረጠ፣ መልሶ ቢደወልበትም የማይገኝ ነው፤ ሥራውም በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል። ይኸው አዋጅ በወጣበት ጊዜ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ስለመስጠት የያዘው ድንጋጌ «ስካይፕ መጠቀም ያሳስራል» የሚል ስጋት ፈጥሮ ነበር፤ መንግሥት በወቅቱ ተራ ተጠቃሚን እንደማይመለከት ገልጿል፣ ዛሬም ሰው በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚያወራው በአደባባይ ነው።

ዳታን ቀኑን ሙሉ አብርቶ ጥሪ መጠበቅ አያዋጣም። ብዙ ቤተሰብ የለመደው ዘዴ ትክክል ነው፤ ውጭ ያለው ዘመድ በተራ መስመር ሚስኮል ያደርጋል፣ ተቀባይዋ ስልኩን ሳታነሳ ዳታዋን ታበራለች። ሚስኮሉ ካልተነሳ ብዙውን ጊዜ ለማንም ሒሳብ አይቆርጥም። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ የሰዓት ልዩነቱም ሊያግዝ ይችላል፤ በበጋቸው ወራት በዋሽንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ እዚያ ከሥራ መልስ የሚደውል ሰው እዚህ የሌሊቱን ጥቅል ይጠቀማል። ችግሩ አዛውንቶቹ በዚያ ሰዓት ተኝተው መገኘታቸው ነው።

ወጪው ለሁለት ተከፍሏል ካልን ግን የተቀባዩን ድርሻ ደዋዩ ሊሸፍነው ይችላል። ከውጭ ሀገር ሆኖ ለኢትዮጵያ ስልክ የአየር ሰዓት መሙላት የሚያስችሉ አገልግሎቶች አሉ፤ ሀገር ውስጥ ያለ ልጅም በ*999# ገብቶ ለወላጆቹ ጥቅል በስጦታ መላክ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ የሚላክ መጠነኛ የዳታ ጥቅል ደዋዩ ለጥሪ ካርድ ያወጣ ከነበረው አንጻር ጥቂት ነው፤ እናትም ልጇ በደወለች ቁጥር ስንት እንደሚቆረጥባት እያሰበች ወሬውን አታሳጥርም።